አባትህን የሚያነሳው ሰው

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ለበኩር ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። አባትህም አለ። ደህና ነው ብዬ እንዳልጽፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ ግን ይበላል፣ ይቆጣል፣ ሲያሰኘውም ይስቃል። አንተስ? እዚያ ወደብ ላይ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ክሬን ላይ ስትወጣ ወፍራሙን ሹራብ ከውስጥ ትለብሳለህ? ባትለብስም ለብሻለሁ ትለኛለህ፤ ግን ልጠይቅ።

ስልክህን ስሞክር ከረምኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። መጀመሪያ ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። ቀጥሎ ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል አልኩ። አሁን ምንም ማለት ትቻለሁ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት። የስፌት ቤት ባልደረባዬን፣ ያቺን «ቁልፏ» የምንላትን ታስታውሳታለህ፤ ልጇ ዛሬ ወደ አንተ ከተማ ትሳፈራለች። እናትየው ቁልፍ ስትተክል ክሩን አስራ፣ ደግማ አስራ፣ ጎትታ ካላየች ሸሚዙን የማትለቅ ሴት ናት። ልጇም ወደሷ ነው ያደላችው። ደብዳቤውን በእጅህ ሳታስጨብጥህ አትመለስም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። በስልክ የነገርኩህ ቁርጥራጭ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከግማሹ ወዲህ የሰማኸኝ አይመስለኝም።

አባትህ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ የስፌት መኪናዬን አልጋው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሆስፒታሉን አንሶላ ቤት ወስጄ እንድዘመዝም ፈቅዳልኛለች። ነፍሷን ይማረው ስልህ ሞታ አይደለም፤ ከወዲሁ እየመረቅኳት ነው። እኔ እዘመዝማለሁ፣ አባትህ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ሲያይ ይውላል። ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ሲቀባ የኖረ ሰው፣ «ይሄን ጣሪያ ማነው የቀባው? ብሩሹን ሲጎትት እኮ ያስታውቃል» እያለ ይሳደባል። የቀባው ራሱ ነው። አልነግረውም፤ ደስ ይበለው።

የከበደኝ ማንሳቱ ነው። አባትህ ከስቷል ብትባል አትመን፤ አጥንቱ ብቻውን ሸክም ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከእጄ አመለጠና በግድግዳውና በገንዳው መካከል ተሰነቀረ። ብጎትተው እኔም ልወድቅ ሆነ። ፊቱ ጠቆረብኝ። በባዶ እግሬ ወደ መንገድ ወጣሁና መጀመሪያ ያገኘሁትን ሰው ክንድ ያዝኩ። ፊቱን አላየሁም፤ ዱቄት የነካው ጃኬቱን ብቻ ነው ያየሁት። ባለቤቴ ወድቆብኝ ነው አልኩት። ተከተለኝ። ገባ፣ ተንበረከከ፣ እጁን ከብብቱ ሥር አሳልፎ አባትህን እንደ ሕፃን አነሳው። አልጋው ላይ አስተኝቶት፣ ትራሱን አስተካክሎ ቀና ሲል ነው ለይቼ ያየሁት።

እሱ ነበር። ታናሽ ወንድምህን የገደለው።

ፍርድ ቤት ያየሁት ጊዜ ገና ጺም በቅጡ ያላበቀለ ነበር፤ አሁን ጸጉሩ መሳሳት ጀምሯል። ዓይኑን ግን እንዴት እረሳለሁ? ከእስር መውጣቱን ሰምቼ ነበር። እታች መንገድ ያለው ዳቦ ቤት ዱቄት ተሸካሚ አድርጎ እንደቀጠረው ግን ማንም አልነገረኝም። እሱም የማን ቤት እንደገባ የተረዳው እዚያው ነው። ከአልጋው በላይ የተሰቀለውን የወንድምህን ፎቶ አየና እጁ ትራሱ ላይ ቀረ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወጣ። በሩን ከኋላው ቆለፍኩና ወንበር ደገፍኩበት።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። በመጋረጃው ሥር አየሁት፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። አልከፈትኩም። ሄደ። በሌላውም ቀን መጣ፤ ያኔም አልከፈትኩም። አባትህ ከውስጥ «ያ ያነሳኝ ልጅ ነው? ለምን አይገባም?» ይለኛል። ፍርድ ቤት አልሄደም ነበርና፣ ዓይኑም ደክሟልና፣ አላወቀውም ብዬ ነገሩን በሆዴ ያዝኩት።

ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቃቸው፣ እንዲህ ባለ ነገር ተፈትኜ አላውቅም፤ የማላውቀውን አውቄ ብነግርሽ ውሸት ይሆንብኛል አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ስንት ዓመት ስብከታቸውን ስሰማ ኖሬ ለዚህች አንዲት ቀን ቃል ይጥፋቸው? መንገድ ላይ ግን ቀለል አለኝ። እሳቸውም የማያውቁት ከሆነ እኔ አለማወቄ አያስኮንነኝም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወንድምህ ከሞተ ወዲህ «አባታችን ሆይ» ስል በደል የሚለው ጋ ስደርስ ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር። እግዚአብሔር ሳል መስሎት የሚያልፈኝ ይመስል። ያን ቀን ቤት ስመለስ፣ ይቅር እንድለው ጸጋ ስጠኝ ብዬ ልለምን ሞከርኩ። ከአፌ አልወጣልኝም። ስለዚህ የሚወጣልኝን ለመንኩ፤ በሩን እንድከፍት ብቻ ጸጋ ስጠኝ አልኩ። ሲያንኳኳ ከፈትኩ። ግባም አላልኩትም፤ አልጋውን በአገጬ አሳየሁት።

ከዚያ ወዲህ ልመናዬ ሁሉ እንደዚያው ትንንሽ ሆነ። አንድ ቀን ውሃ እንዳቀብለው። አንድ ቀን ድምፁን ስሰማ የያዝኩትን ጨርቅ እንዳልቀድ። አንድ ቀን እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንድለው። አንዳንዱ ተሰጠኝ፣ አንዳንዱ እስከ ዛሬ አልተሰጠኝም። ጸጋ ሲመጣ ልቤ ውስጥ እንደ ሙቀት ይሰማኛል ብዬ ነበር የምጠብቀው። ምንም አልተሰማኝም። በሩ ግን በየቀኑ ተከፈተ።

ልጁ (አሁን ልጁ እለዋለሁ፤ መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም) ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ ይመጣል፣ አባትህን ያነሳል፣ ያጥባል፣ አንሶላ ይቀይራል፣ ይሄዳል። የሰጠሁትን አይበላም። አንድ ቀን ጀርባውን እያጠበው ሳለ አባትህ በዚያ በተጣመመ አፉ፣ ቀስ ብሎ፣

«ልጄ ሲወድቅ የተናገረው ነገር ነበር?» አለው።

ለካ አባትህ ያወቀው ከመጀመሪያው ቀን ኖሯል። ልጁ እጁን ከውሃው አላወጣም።

«ይብቃን ብሎኝ ነበር» አለ። «እሱ ሳንቃውን ጥሎ ነበር። ያልጣልኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ፍርድ ቤት አልተናገረም። እንጨት መሰንጠቂያው ግቢ ውስጥ ሁለቱ ተጣሉ፣ ተማቱ፣ አንዱ ወደቀ፣ ይኸው ነው የተባልነው። አባትህ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ነገም ትመጣለህ?» አለው።

«እመጣለሁ አባባ።»

«እንግዲያው ጀርባዬን ጠበቅ አድርገህ እሸው። እንደ እንቁላል ነው የምትይዘኝ።»

ለአንተ የደወልኩት ያን ለት ነው። ሆዴ ሞልቶ ነበር፤ ደስታ ልበለው ሐዘን ልበለው አላውቅም፤ ለሰው ካልተናገርኩት የምፈነዳ መሰለኝ። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ? ነገርኩህ። ትጮኻለህ ብዬ ነበር። ብትጮህ በወደድኩ። አንተ ግን በዚያ በረጋ ድምፅህ ልጁ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠየቅከኝ። ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ አልኩህ። በየት በኩል አልክ። አቋራጩን፣ በመጋዘኑ አጥር በኩል አልኩህ። ለምን እንደምትጠይቀኝ አልጠየቅኩህም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ቁጭ ካልኩበት መነሳት አቃተኝ።

አንተን የማላውቅህ እንዳይመስልህ። ወንድምህን እጁን ይዘህ ትምህርት ቤት ያደረስከው አንተ ነህ። ሲያንቀላፋ አዝለህ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣኸው አንተ ነህ። በቀብሩ ቀን ያላለቀስከውም አንተ ብቻ ነህ። ሰዎች ልጅሽ ጠንካራ ነው አሉኝ። እኔ ግን ያን እንባ የት እንዳስቀመጥከው ሳስብ ኖሬያለሁ።

በዚያው ሳምንት ጓደኛህ ሽቦ መጣ። ያ በልጅነታችሁ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ያላችሁት፤ አሁን እንኳ ቀጭን አይደለም። ብርቱካን ይዞ ነው የመጣው። አባባን ልጠይቅ ብዬ ነው አለ። ስንት ዘመን ደጃችንን ያልረገጠ ሰው። አባትህን ከሩቅ ሰላም ብሎ መስኮቱ ጋ ቆመ። ተቀመጥ ብለው ቸኩያለሁ አለ፤ ቸኩሎም አልሄደ። ከመስኮታችን ማዶ ያ አጥር ይታያል። ስለ አንተ ስጠይቀው፣ ደህና ነው፣ ትናንትም አውርተናል አለኝ። ለእሱ ታነሳለታለህ ማለት ነው። ሲወጣ በመጣበት በር አልወጣም፤ በጓሮ በኩል ዞሮ፣ ወዲያና ወዲህ አይቶ ነው የሄደው። ብርቱካኑን አባትህ አልቀምስም አለ። እኔም አልላጥኩትም።

ቀጥሎ ያየሁት ከስፌት ቤት ስመለስ ነው። ከማላውቀው ሰው ጋር አጥሩ ሥር፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቋረጡ። ሽቦ ተነስቶ፣ እንደምን ዋሉ እማማ፣ ዘንቢሉን ልያዝልዎት አለኝ። ከትህትናው የተነሳ ዘንቢሌን አጥብቄ ያዝኩ።

ያን ቀን ልጁን በር ላይ አቁሜ ከዛሬ ጀምሮ በዋናው መንገድ ናና ሂድ አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። ምክንያቱን መንገር የልጄን ስም መጥራት ነው፤ ስምህን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። እሱም አልጠየቀኝም። ባርኔጣውን አውልቆ፣

«እማማ፣ የሚጠብቀኝ ሰው ካለ እዚያው ያግኘኝ» አለኝ። «እዚህ በርዎ ላይ ግን አይሁን። አባባ ይሰማሉ።»

ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ መስኮቱ ጋ ቆሜ አጥሩን እስኪያልፍ በዓይኔ ሸኘሁት። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ለአንተ እየደወልኩ፣ ስልኩ እየጠራ፣ ዓይኔ አጥሩ ላይ።

ማክሰኞ አልመጣም።

ዳቦ ቤቱ ተዘጋ። ትምህርት ቤት የዋሉት ልጆች ሁሉ እየተንጫጩ አልፈው መንገዱ ጭር አለ። አባትህ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ብቻዬን ላነሳው ሞክሬ አቃተኝ፤ ልብሱ እንደረጠበበት ተቀመጠ። በየመሃሉ «ይመጣል» ይላል። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ልጸልይ ብል ቃል ጠፋኝ። ለማን ልጸልይ? ለእሱ ብጸልይ፣ ከማን አድነው ልበል? ለአንተ ብጸልይ፣ ምን እንዳታደርግ ልበል? መጨረሻ ላይ «ጌታ ሆይ፣ እጁን ያዝ» አልኩ። የማን እጅ እንደሆነ አልተናገርኩም። እሱ ያውቃል። በመጨረሻ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ገብቶ አባትህን አልጋው ላይ አደረሰልኝ።

ትናንት መጣ። ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሯል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ከንፈሩም ተሰፍቷል። ምን ሆንክ ሳልለው፣ ዱቄት ተሸክሜ ዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው አለ። ሆስፒታልም ይህንኑ እንደተናገረ፣ የጠየቀው ፖሊስም ይህንኑ እንደጻፈ ነገረኝ። መሬት መሬት እያየ ነው የሚያወራው።

«ደረጃው ነው እማማ» አለኝ ደግሞ። «ሌላ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። አልናገርምም።»

ጃኬቱን ላወልቅለት ዞር ሳደርገው ጀርባው ላይ የጫማ ኮቴ ታትሟል። ደረጃ ጫማ አያደርግም ልጄ።

እንዲያም ሆኖ አባትህን በአንድ እጁ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ትንፋሹ ቁርጥ አለ፤ ጎድኑንም ሳይመቱት አልቀሩም። አባትህ በደህናው እጁ ደረቱን ይዞ ተው አለው፣ ተቀመጥ አለው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባትህም ወደኔ ዞረ።

«ጻፊለት» አለኝ።

«ለማን?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«ለበኩሬ። የሚያነሳኝ ሰው የለኝም በይው። መጥቶ እሱ ያንሳኝ።»

ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም። አልተቆጣም። ብዙ ዓመት አብሬው ኖሬ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም፤ ዛሬ ጠዋት ጣሪያውን እንኳ አልሰደበም።

ይኸው ጻፍኩልህ። እኔ የምጠይቅህ ነገር የለኝም። ብጠይቅህ ትመልስልኛለህ፣ ከመለስክልኝ ደግሞ ካወቅኩ በኋላ እንዴት እንደምኖር አላውቅም። ሽቦ ዛሬም ጠዋት አጥሩ ሥር ነበር። ጉዳይ የጨረሰ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? ልጁ ዛሬም እመጣለሁ ብሏል፤ ማንሳት ባልችል አጠገባቸው ልቀመጥ አለ። ያውም በዚያው በአጥሩ መንገድ። ለምኜዋለሁ፤ ጆሮ አልሰጠኝም።

ስለዚህ ይህ ወረቀት እጅህ እንደገባ አንድ ስልክ ደውል። ለእኔ አይደለም። ለማን እንደሆነ ታውቃለህ። ደብዳቤው የሚደርስህ ነገ ነው፤ እስከ ነገ ያለውን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ፤ ሰጥቼም መልሼ እየወሰድኩት ነው፤ ደግሜ እሰጣለሁ።

ከዚያ ና። ባዶ እጅህን ና። አባትህ ሲነሳ ከብብቱ ሥር ነው የሚያዘው፤ ጉልበትህን አጥፈህ፣ ደረትህን ከደረቱ አስጠግተህ። ከክንዱ ብትጎትተው ትከሻው ይወልቃል። ልጁ በአፉ እየነገረ ያሳይሃል። ሁለታችሁ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አባታችሁን መሃል አድርጋችሁ ስትቆሙ ምን ብዬ እንደምለምን ገና አላውቅም። አባታችሁን ብዬ ጻፍኩ። ልሰርዘው ነበር፤ ይሁን፣ ተውኩት።

እግዚአብሔር ፊቱን ከአንተ አይመልስ። ተመልሶ ከማይነሳ ነገር እጅህን ይጠብቅልህ። ያላለቀስከውን የሚያስለቅስህ ደግ ቀን ይስጥህ። የእናትነት ምርቃቴን ልነፍግህ ሞክሬ ነበር፣ ትናንት ማታ፤ አልሆነልኝም። ሙሉውን ውሰደው።

እናትህ

ልጅቷ ደብዳቤውን ልትቀበለኝ በር ላይ ደርሳለች። ዳቦ ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ መስኮቱ ጋ ልቁም።